ጎማው ከተቀደደ ካላማዳሪያ መቀየር ብቻውን አይበቃም

ሰላም ወገኖች። በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ የብስክሌቱ ጎማ ስለተቀደደበት ልጅ ብዙዎቻችሁ የሰጣችሁት ምክር አንድ ነው፦ «አየር የሚይዘው ካላማዳሪያው ነው፤ እሱን ቀይረህ ንዳ፣ የውጩ ቢቀደድም ችግር የለውም።» በቅንነት እንደተባለ አውቃለሁ። ግን ልክ አይደለም።

ካላማዳሪያ ስስ ላስቲክ ነው። አየሩ እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ ግፊቱን ብቻውን አይችልም። ግፊቱን የሚሸከመው የውጩ ጎማ፣ በተለይም በውስጡ ያለው ክር ነው። ክሩ ሰፋ ብሎ ከተቆረጠ ካላማዳሪያው በቅዳዱ በኩል እንደ ፊኛ ይወጣል፤ አስፋልቱ ይፈትገውና ይፈነዳል። የፊት ጎማ ሆኖ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል እየወረዳችሁ ቢሆንስ? አስቡት።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ጎማውን ከቸርኬው አውጡ። የተቀደደውን ቦታ በሁለት አውራ ጣት ከፈት አድርጋችሁ ወደ ፀሐይ አዙሩት። ብርሃን ካሳለፈ ወይም የተበጣጠሰ ክር ከታየ ጎማው ተጎድቷል። ትንሽ የእሾህ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ግን ምክራችሁ ይሠራል፤ እሾሁ ይውጣ እንጂ።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ከአሮጌ ጎማ ወይም ከውሃ ፕላስቲክ ከቅዳዱ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቁረጡ። ጠርዙን አለስልሱት፣ ካልሆነ ካላማዳሪያውን ይበላዋል። በጎማውና በካላማዳሪያው መካከል አስገቡት፣ አየሩን ከወትሮው ቀነስ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። እኔ ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩትን ቁራጭ ሁልጊዜ ከመንፊያው ጋር አስሬ እይዛለሁ። ይህ ግን ቤት እስክትደርሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጎማው ይቀየር።