በክፉ ቀን ስለሚነበቡ «ቀላል» መጻሕፍት፦ አንድ እርማት

ሰሞኑን ብዙዎች በቅን ልቡና የሚቀባበሉት አባባል አለ፤ ጭብጡም «በደርግ ዘመን ወላጆቻችን ያን ሁሉ መከራ ሲያሳልፉ ቁም ነገር ብቻ ያነቡ ነበር፤ በጭንቅ ጊዜ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድና ተከታታይ ድራማ መሻት የዛሬ ትውልድ ስንፍና ነው» የሚል ነው። ከአክብሮት ጋር፣ ይህ ትክክል አይደለም።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት፣ መጽሐፍ በሳንሱር አልፎ ይታተም በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ደራሲ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ይነበቡ ነበር። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳሉት የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ጎራ ብሎ የኅትመት ዘመኑን ገልጦ ማየት፣ ወይም በአገር ውስጥ የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ በሕግ በሚቀመጥበት በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ መጠየቅ ይችላል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከሻጮቹ ዘንድ ያነሣሁት የአንዱ ትርጉም ቅጂ ሽፋኑ በፕላስተር ተጠግኖ፣ የገጾቹ ጠርዝ በጣት ብዛት ጠቁሮ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሦስት አንባቢዎች ስም በተለያየ ቀለም ተጽፎበት ነበር። እንዲህ እስኪያረጅ የተነበበ መጽሐፍ በዘመኑ ተፈላጊ እንደነበረ ለመረዳት ሌላ ምስክር አያሻም።

ስሕተቱ የሚጎዳው ሰው መኖሩ ነው ለመጻፍ ያነሣሣኝ። ሐዘን ላይ ያለች ጎረቤቴ፣ ማታ ማታ ከሐሳቧ ለአንድ ሰዓት የሚያሳርፋትን ልብ ወለድ፣ ይህንኑ አባባል ሰምታ «ነውር ነው» በማለት ከትራስጌዋ አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።