እርማት፦ ተራው የቴሌግራም ቻት አልተቆለፈም

ሰላም ወንድሜ። «ቴሌግራም ላይ የምንጻጻፈውን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም ማንበብ አይችልም፤ ከዋትስአፕ የሚሻለውም ለዚህ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። እኔም አስብ ነበር። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱንም ጥሪውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆልፋል፤ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያው ራሱ እንኳ ሊከፍተው አይችልም። አንተ ምንም መነካካት የለብህም። የቴሌግራም ተራ ቻት ግን ቢመሰጠርም እንዲህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቆለፍም። የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር (ማእከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ነው፤ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው። እስቲ በቁጥርህ አዲስ ስልክ ላይ ግባ። የስንት ዓመት ወሬህ ከነፎቶው ዱብ ይላል። ከየት የመጣ ይመስልሃል?

ከጽሑፍ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። የሰውየውን ፕሮፋይል ከፍተህ፣ ሦስቷን ነጥብ ነክተህ ራስህ ትጀምረዋለህ። ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ግሩፕ ላይ አይሠራም። በቴሌግራም በቀጥታ ለአንድ ሰው ስትደውል ግን ይቆለፋል፤ እዚያ ላይ አልተሳሳትክም።

ቴሌግራምን አጥፋው እያልኩ አይደለም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ። ዋትስአፕም ቢሆን ከማን ጋር፣ መቼ እንዳወራህ ያውቃል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።