አለንን ተዉት፣ የቡፋሎን ተከላካዮች ጠይቁ

የፊታችን እሁድ (ጃንዋሪ 26፣ 2025 እ.ኤ.አ.) ማታ ካንሳስ ሲቲ ላይ የሚደረገውን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሁሉም በሁለት ስም ጠቅልሎታል። ፓትሪክ ማሆምስና ጆሽ አለን። ቴሌቪዥኑን ክፈቱት፣ እሱ ነው ወሬው። ሥራ ቦታም እሱ ነው። "አለን ዘንድሮስ ማሆምስን ይጥለው ይሆን?"

ይሄ ነገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ለምን እንደምል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ለአዲስ ተመልካቾች ባጭሩ። ቡፋሎ ቢልስና ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የሚጫወቱት ለኤኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች የአንዱ) ዋንጫ ነው። የሚያሸንፈው የካቲት 2 (ፌብሩዋሪ 9) ኒው ኦርሊንስ ላይ ለሱፐር ቦውል፣ ማለትም ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ይቀርባል። ተጋጣሚው በዚያው እሁድ ቀደም ብሎ ከሚጫወቱት ከፊላዴልፊያና ከዋሽንግተን አንዱ ነው። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው ያለን ሐበሾች ልባችን ከኮማንደርስ ጋር ነው፣ አልደብቅም። ቡድኑ እዚህ ደረጃ ሲደርስ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ግን ትልቁ ጨዋታ የትኛው ነው ካላችሁኝ፣ የቡፋሎና የካንሳስ ሲቲው ነው።

ማሆምስና አለን ሁለቱም ኳርተርባክ ናቸው። ኳሱን የሚቀበሉት፣ የሚወረውሩት፣ ጨዋታውን የሚመሩት እነሱ ናቸው። ግን ሜዳ ላይ አብረው አይቆሙም። አንዱ ሲገባ ሌላው የራስ ቁሩን አውልቆ ዳር ተቀምጦ ያያል። አለን የሚገጥመው የካንሳስ ሲቲን ተከላካዮች ነው። ማሆምስን ማስቆም ያለባቸው ደግሞ የቡፋሎ ተከላካዮች ናቸው። እነሱ ባለፉት አራት ዓመታት በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ ዙር) ሦስት ጊዜ ካንሳስ ሲቲን ገጥመው ስንት ነጥብ እንደተቆጠረባቸው እዩ። በ2021 ጃንዋሪ 38። በ2022 ጃንዋሪ 42። በ2024 ጃንዋሪ፣ ያውም በራሳቸው ሜዳ፣ 27። ሦስቱንም ተሸንፈዋል።

የ2022ቱን ያየ ሰው አይረሳውም። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቀረውም። አለን በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ፣ ኳሱን ላለማጣት 13 ያርድ በሚያስፈልገው ጊዜ፣ ለጋብርኤል ዴቪስ ወርውሮ ታችዳውን (ኳሱን የሜዳው ጫፍ ማድረስ፣ ስድስት ነጥብ) አስቆጠረ። ካንሳስ ሲቲ መለሰ። አለን እንደገና ለዚያው ለዴቪስ ወረወረ። በዚያ ምሽት ዴቪስ ያስቆጠረው አራተኛው ነበር። ቡፋሎ 36 ለ 33 መራ። ሰዓቱ ላይ የቀረው 13 ሰከንድ ነበር።

አሥራ ሦስት ሰከንድ! ሰው ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ነው። ማሆምስ አንድ ኳስ ለታይሪክ ሂል ሰጠ፣ 19 ያርድ። ሌላ ለትራቪስ ኬልሲ፣ 25 ያርድ። የቡፋሎ ተከላካዮች ረጅም ኳስ እንዳይወረወርባቸው ፈርተው ወደ ኋላ ሸሽተው ስለነበር መሃሉ ባዶ ሜዳ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሃሪሰን በትከር ከ49 ያርድ በእግሩ መትቶ አገባት፣ ሦስት ነጥብ። እኩል። በጭማሪ ሰዓት ሳንቲም ሲጣል ለካንሳስ ሲቲ ወጣ፣ ማሆምስ ኳሱን ይዞ በወጣበት በዚያው ተራ ለኬልሲ ታችዳውን ሰጠ፣ ጨዋታው አበቃ። አለን ኳስ ሳይነካ ተሸነፈ። ያ ምሽት በሊጉ ላይ ያስነሳው ጩኸት ደንብ እስከማስቀየር ደርሷል። አሁን በፕሌይኦፍ ጭማሪ ሰዓት ሁለቱም ቡድኖች ኳስ የማግኘት ዕድል አላቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ "አለን ትልቅ ጨዋታ አይችልም" የሚል ሰው ምን እንዳየ አይገባኝም።

በመደበኛው የውድድር ዘመን ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ቡፋሎ ካንሳስ ሲቲን አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። የመጨረሻው ባለፈው ኅዳር ነው፣ 30 ለ 21። ካንሳስ ሲቲ እስከዚያ ቀን አልተሸነፈም ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቡፋሎ በሁለት ነጥብ ይመራል፣ አራተኛ ሙከራ ነው፣ ሁለት ያርድ ይፈልጋል። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ኳሱን አስመትቶ ሦስት ነጥብ ወስዶ ኳሱን ለማሆምስ ይመልስ ነበር። የቡፋሎ አሰልጣኝ ሾን ማክደርሞት ግን ኳሱን ለአለን ተወለት። አለንም የሚሰጠው ሰው ሲያጣ ራሱ ይዞት ሮጠ፣ 26 ያርድ፣ ሰው እየገፈተረ ገባ።

ያን ውሳኔ ሁሉም አደነቀው። እኔ ግን በግልባጩ ነው ያየሁት። ማክደርሞት የመከላከል አሰልጣኝ ነው፣ እንጀራው እሱ ነው። እሱ ራሱ ተከላካዮቹን አምኖ ኳሱን ለማሆምስ መስጠት አልፈለገም። የ13 ሰከንዱ ጠባሳ አልሻረም ማለት ነው።

ዘንድሮ ግን የቡፋሎ ተከላካዮች አንድ ጥሩ ልማድ አምጥተዋል፤ ኳስ መንጠቅ። ባለፈው እሁድ ባልቲሞርን 27 ለ 25 ሲያሸንፉ ሦስት ጊዜ ኳስ ነጥቀዋል፣ እነሱ አንድም አልተነጠቁም። መጨረሻ ላይ የባልቲሞሩ ማርክ አንድሪውስ እጁ የገባችውን ኳስ ባይለቃት ኖሮ እኩል ይሆኑ ነበር፣ ይሄም እውነት ነው። በኅዳሩ ጨዋታም ማሆምስን ሁለት ኳስ ቀምተውታል፣ አንዱን ገና ጨዋታው ሲጀመር ቴይለር ራፕ፣ ሌላውን መጨረሻ ላይ ቴሬል በርናርድ። ችግሩ ራፕ በባልቲሞሩ ጨዋታ ተጎድቷል፣ እሁድ አይገባም። በእሱ ቦታ የሚታሰበው ኮል ቢሾፕ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ነው። ኬልሲ ደግሞ እንዲህ ያለውን ልጅ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ነው። በኅዳር ሁለት ኳስ ብቻ የያዘው ኬልሲ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከሂውስተን ጋር ሲጫወቱ 117 ያርድ ሠርቷል። ዕድሜው 35 ነው። መደበኛውን ውድድር ሲያንቀላፋ ቆይቶ ጃንዋሪ ሲመጣ የሚነቃ ይመስላል።

ካንሳስ ሲቲ ዘንድሮ የሚያስፈራ ቡድን አልነበረም። 15 አሸንፎ 2 ተሸንፏል፣ ግን 11 ድሎቹ ለጥቂት የተገኙ ናቸው። ዴንቨርን ያሸነፈው የመጨረሻዋን ምት በእጅ አግዶ ነው። በመደበኛው ውድድር ቡፋሎ 525 ነጥብ ሲያስቆጥር ካንሳስ ሲቲ ያስቆጠረው 385 ነው። "ዳኛ ነው የሚረዳቸው" የሚለው ሐሜትም አለ፣ በሂውስተኑ ጨዋታ ማሆምስ ላይ ጥፋት ሠርታችኋል ተብሎ በሂውስተን ላይ በተሰጡት ሁለት ቅጣቶች ብሶበታል። አንደኛው ቅጣት ለእኔም አልተዋጠልኝም። ግን የሂውስተኑን ኳርተርባክ ስምንት ጊዜ መሬት ላይ የጣለው ዳኛው አይደለም። ያ የስቲቭ ስፓኙዎሎ ሥራ ነው። ተከላካዮቹን የሚመራው እሱ ነው፣ ጨዋታው ሲጠብ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሰው ይልካል።

ስለዚህ የእኔ ዓይን እሁድ የሚያርፈው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ቡፋሎ ጄምስ ኩክን እያስሮጠ ሰዓቱን መብላት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ኩክ ዘንድሮ 16 ታችዳውን በሩጫ አስቆጥሯል። ማሆምስ ዳር ተቀምጦ በቆየ ቁጥር ለቡፋሎ ዕረፍት ነው። ሁለተኛው፣ የቡፋሎ ተከላካዮች በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የት እንደሚቆሙ ነው። አሁንም ወደ ኋላ ከሸሹ ማሆምስ አጫጭሩን እየለቀመ ይሄድባቸዋል። መቅረብ አለባቸው። ረጅም ኳስ ቢቆጠርባቸውም ይቆጠር፣ ቢያንስ አለን ሰዓት ይተርፈዋል።

የቡፋሎ ደጋፊዎች ያሳዝኑኛል። ከ1991 ጀምሮ አራት ዓመት በተከታታይ ሱፐር ቦውል ደርሰው አራቱንም የተሸነፉ ናቸው። ያም ሆኖ በየሳምንቱ በበረዶ ወጥተው ከመኪና ላይ ጠረጴዛ ላይ እየዘለሉ ይሰብሩታል። እንዲህ ያለ ሕዝብ አንዴ ቢደላው ምን ነበረበት?

ግምት ስጥ ካላችሁኝ ግን ካንሳስ ሲቲ 30፣ ቡፋሎ 27። አለን ጥሩ ይጫወታል፣ ሰኞ ጠዋት ግን ወቀሳው ተመልሶ እሱ ላይ ይወርዳል። ጨዋታው በዋሽንግተን ሰዓት ከምሽቱ 12፡30 ይጀምራል። አዲስ አበባ ላላችሁ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡30 ነው። ሰኞ ሥራ ያለው ሰው የመጀመሪያውን አጋማሽ ተኝቶ ቢያሳልፍ ብዙ አያጣም፣ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው።