እርማት፦ «የባቫሪያ ማርክ» የሚባል ገንዘብ አልነበረም

የጀርመን ግዛቶች በነበሩት በባቫሪያና በፕሩሲያ ስም «የባቫሪያ ማርክ» እና «የፕሩሲያ ማርክ» በሳንቲም ካታሎጉ ውስጥ እንደ ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች መመዝገባቸው ስሕተት ነው። ስሕተቱ የተለመደ ስለሆነ አልፈርድም፤ የባቫሪያውን ንጉሥ የኦቶን ምስል የያዘ ባለ 5 ማርክ የብር ሳንቲም ያየ ሰው የባቫሪያ ገንዘብ ነው ቢል አይገርምም። ሳንቲሙን ገልበጥ ቢያደርገው ግን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ንስር ከነ «ዶይቸስ ራይኽ» (የጀርመን መንግሥት) ጽሑፉ ይጠብቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የሳንቲም ሕግ ለመላው ጀርመን በ100 ፕፌኒግ የሚመነዘር አንድ ማርክ ደነገገ። ግዛቶቹ የገዥያቸውን ምስል ወይም የከተማቸውን አርማ ማሳረፍ የሚችሉት ከ2 ማርክ ጀምሮ ባሉት ሳንቲሞች ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡ አንድ፣ አውጪው ግዛት ብዙ ተብሎ ይመዝገብ። የባቫሪያ የራሷ ገንዘብ ከዚያ በፊት የነበረው፣ በ60 ክሮይትዘር የሚመነዘረው ጉልደን ነው። የከተማ ግዛት የሆነችው ሃምቡርግ ግን ለብቻዋ ትታይ፦ ከጀርመን ውሕደት በፊት በ16 ሺሊንግ የሚመነዘር የራሷ ማርክ ነበራት፤ ስሙ እንጂ ገንዘቡ አንድ አይደለም።

ሳንቲሙ የተመታበትን ቦታ የምታሳየው ትንሿ ፊደልም አታሳስት። «ኤ» (A) የበርሊንን የሳንቲም ማተሚያ እንጂ ፕሩሲያን አታመለክትም፤ ራሷን የቻለች የከተማ ግዛት የነበረችው የሉቤክ ማርኮችም ይህችኑ ፊደል ይዘዋል።