ሌንስህ ስንት ነው?

ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ልጆች እሁድ እሁድ እንጦጦ ይወጣሉ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀላቀልኩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ አንዱ ካሜራዬን አገላብጦ አየና «ውይ፣ ኪት ሌንስ ነው እንዴ?» አለኝ፤ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ተራ ሌንስ ማለቱ ነው። አዎ ወንድሜ፣ 18-55 ሚሊሜትር ናት፤ እሷንም ዕቁብ ጥዬ ነው የገዛኋት! ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ትልቅ ሴንሰር ያለው ፉል ፍሬም ካሜራ፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ 1.4 ሌንስ ምናምን ሆነ። ባሕር ዛፉ መሃል ጉም ገብቶ፣ አንዲት እናት ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ ዞር ብሎ ያየ የለም። አስፈቅጄ አነሳኋቸው። ፎቶውን ለልጆቹ ሳሳያቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አይኤስኦህ በዝቷል፣ ኖይዝ አለው።» ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን ቁጥር አብዝተህ ፎቶው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል ማለታቸው ነው። በዚያ ጉም፣ ትንሽ ብርሃን ብቻ በሚያስገባ 5.6፣ ምን ላድርግ ታዲያ? ፀሐይዋን ጎትቼ ላምጣት? መዋጮ ሲሰበሰብ ግን ሌንሴን የጠየቀኝ የለም፤ እኩል ነው የከፈልኩት።