ለኮርኒሳችን ደባሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡራን የሌሊት ወፎች
ባላችሁበት (ማለትም ከአልጋዬ በላይ፣ ቁልቁል እንደተንጠለጠላችሁ)

ጉዳዩ፦ ሰሚ ጆሮ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ በቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ሰፈር ቤት ሠርቼ የምኖር አባወራ ስሆን፣ እናንተ ደግሞ በቆርቆሮውና በማዳበሪያው ኮርኒስ መካከል ያለውን ቦታ ያለ ውልና ያለ ኪራይ ከያዛችሁ ይህ ሦስተኛ ክረምታችሁ ነው። ስለ ኪራዩ አልከራከርም፤ ግብር ሲጠየቅ ለወፎች ጥርሱን፣ ለአይጦች ክንፉን እያሳየ ያመለጠ ዘር መሆናችሁን ከአያቴ ተረት አውቃለሁና። ቅሬታዬ በጆሯችሁ ላይ ነው።

ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ይህም በሰፈራችን ብርቅ አይደለም፣ እኔ ሻማ ፍለጋ ስደናበር ጉልበቴን ከበርጩማ ጋር አጋጫለሁ፤ እናንተ ግን በዚያው ጨለማ ከጣሪያው ሥር ሾልካችሁ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ሳትነኩ ታልፋላችሁ። ምሥጢሩ ዓይን አለመሆኑን ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ፣ ዓይናቸውን ያጠፋቸው የሌሊት ወፎች እንደ ልባቸው ሲበሩ አይቶ ተረዳ፤ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ሉዊ ዡሪን ጆሯቸውን ቢደፍንባቸው ግን ካገኙት ሁሉ ጋር ይላተሙ ጀመር። (ለአባቶቻችሁ ስቃይ ኀዘኔን እየገለጽኩ፣ እኔ እስካሁን ከመጥረጊያ በላይ እንዳላነሳሁባችሁ ይመዝገብልኝ።) ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ እንቆቅልሽ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ዶናልድ ግሪፊንና ሮበርት ጋላምቦስ የተባሉ አሜሪካውያን የሰው ጆሮ የማይደርስበትን ድምፅ በሚይዝ መሣሪያ አዳምጠው አጋለጧችሁ፦ ለካ ስትጮኹ ነው የምታድሩት!

የእኔ ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም፤ የእናንተ ጩኸት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። የአንዳንዶቻችሁ ጩኸት ከአፋችሁ አጠገብ ሲለካ ከ110 ዴሲቤል ስለሚበልጥ፣ ለጆሮዬ የሚሰማ ቢሆን ኖሮ የሠርግ ድንኳን ድምፅ ማጉያ አናቴ ላይ እንደ ተሰቀለ እቆጥረው ነበር። ጩኸቱ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ነክቶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ፣ የነገሩን ርቀትና አቅጣጫ ትለያላችሁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ሜትር ርቃ ከምትበር የእሳት ራት መልሱ የሚደርሳችሁ አንዱ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ ስድስቱ እጅ ገደማ እንዳለፈ ነው። እኔ ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስገባሁት ማመልከቻ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ማሚቶው ገና በመንገድ ላይ ነው።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን በራሳችሁ ጩኸት እንዳትደነቁሩ፣ ልትጮኹ ስትሉ በመካከለኛው ጆሯችሁ ያለች ትንሽ ጡንቻ ተኮማትራ መስማታችሁን ትቀንሳለች፤ ወዲያው ትላላና መልሱን ትሰማላችሁ። ጆሮውን ደፍኖ የሚናገር በዕድራችን ስብሰባም ሞልቷል፤ ተናግሮ ሲያበቃ መልሶ የሚከፍት ግን ከእናንተ በቀር አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ አዲሱ ጎረቤታችን ባሠራው ባለመስታወት ፎቅ ላይ ተላትሞ ወደቀ። ዘበኛው “ሰክሮ ነው” ብሎ ፈረደ። ሆኖም በጀርመን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ እንዳደረጉት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ልሙጥ ነገር በሰያፍ የመጣበትን ጩኸት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ማሚቶው ወደ እናንተ አይመለስም፤ እናንተም መልስ ያልመጣበትን ስፍራ ክፍት መንገድ ነው ብላችሁ ትገባላችሁ። ይህን ሳነብ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ፤ ሦስት ክረምት ሙሉ ዝም ማለቴን እንደ ፈቃድ ቆጥራችሁታል ማለት ነው።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ እንደ ማሚቶ እንዲቆጠርልኝ እየጠየቅኩ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው አንድ ምሽት ሁላችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ቀዳዳው እንደሚደፈን አሳውቃለሁ። ከግቢው ጀርባ ያሉት ባሕር ዛፎች ባዶ ናቸው። የትንኝ ጉዳይ ስላለብን ከዚያ እንዳትርቁ።

ከሰላምታ ጋር
ከሥራችሁ የሚተኛው ባለቤት

ግልባጭ፦
ራሷን በነጠላ ተከናንባ ለምታድረው ባለቤቴ
ለድመታችን፣ እስካሁን ምን ስትሠራ እንደቆየች በጽሑፍ እንድታስረዳ