«በአንድ ጨዋታ» ለተበሉት፣ ከታላቅ ምስጋና ጋር

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል ሰፈር ካለው ፀጉር ቤት ገባሁ። ግራው አልቆ ቀኙ ሊጀመር ሲል የቆራጩ ስልክ ጮኸ። ማሽኑን ሳያጠፋ ስክሪኑን አየ። «በአንድ ጨዋታ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። የቤቲንግ ትኬቱ፣ ሌላው ሁሉ ገብቶ፣ በአንድ ጨዋታ ተቃጥሎበታል። ከዚያ በር ላይ ወጥቶ ለጓደኛው ሐዘኑን ይነግረው ጀመር። እኔ አንገቴ ላይ ፎጣ እንደታሰረ፣ በግማሽ ጭንቅላት፣ የፊንላንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሰለባ ሆኜ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

«በአንድ ጨዋታ» ምን እንደሆነ ለእናንተ ከዚህ በላይ አላስረዳም። ወይ ወንድማችሁ ብሎታል፣ ወይ የቢሮ ባልደረባችሁ፣ ወይ (እዚሁ እንቅር) እናንተው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሳስበው ግን ምስጋና እንደሚገባቸው ገባኝ። ዘይት በግማሽ ሊትር በሚገዛበት ዘመን፣ ጨርሶ የማያውቀውን የቤቲንግ ቤት ባለቤት የሚደጉም ሰው ከየት ይገኛል? ኪራዩን ይከፍሉለታል። መብራቱን ይከፍሉለታል። ግድግዳውን የሞላውን ቲቪ ገዝተውለት፣ ቆመው ያዩለታል።

ልግስናቸው በሒሳብ ሲታይ ደግሞ ያስለቅሳል። ሁለት እኩል ቡድኖች ይጋጠሙ፤ አቻ የለም እንበል፣ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ትክክለኛው ኦድ (ብታሸንፍ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር) 2.00 ነው። ቤቱ ግን ለሁለቱም ወገን 1.90 ይጽፋል። አንተ 100 ብር በአንዱ፣ ጎረቤትህ 100 ብር በሌላው ታስይዛላችሁ። ቤቱ ላሸነፈው 190 ይሰጥና 10 ብሯን ኪሱ ይከታል። ማን እንዳገባ፣ ማን ቀይ ካርድ እንዳየ ግድ የለውም። ኳስ ባይወድም ይበላል።

ይህ ከመቶው 5 ብር መሆኑ ነው። 5 ብር ደግሞ ለጀግኖቻችን አነሰች። ስለዚህ አስር ጨዋታ በአንድ ትኬት ይደረድራሉ። ያቺ አምስት ፐርሰንት በእያንዳንዱ ጨዋታ ትቆረጣለች፣ ከተረፈውም ላይ እንደገና ትቆረጣለች። አስረኛው ጋ ሲደረስ ከ100 ብሩ በአማካይ የሚመለሰው 60 ብር ገደማ ነው። 40ው ምጽዋት።

ሞናኮ፣ ሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት ውስጥ ሩሌት (ቀይና ጥቁር ቁጥሮች ባሉበት ጎማ ላይ ትንሽ ኳስ የሚሽከረከርበት ቁማር) የሚጫወተው ቱጃር እንኳ እንዲህ አይለግስም። እዚያ 37 ቁጥር አለ። በሁሉም ላይ አንድ አንድ ብር ብታስቀምጥ 36 ይመለስልሃል፤ ቤቱ ከመቶው 2.70 ገደማ ይወስዳል። የሞናኮ ሚሊየነር 2.70፣ የእኛ ፀጉር ቆራጭ 40! ይኸው ሰው ግን የእቁቡ ጸሐፊ ለደብተር መግዣ 50 ብር ቢቀንስበት ዳኛ ያስጠራል።

ከሁሉም የማደንቀው የሰፈራችንን ተንታኝ ነው። የተቃጠለ ትኬት አይጥልም። በላስቲክ አስሮ፣ ከልደት ካርዱ ጋር፣ በአንድ ፌስታል ያስቀምጣል። ማስረጃ ነው። ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያቀርበው አልነገረኝም። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ለብራዚል ጨዋታ ይነሳል። የአንዱን በረኛ ጉልበት ከሐኪሙ በላይ ይከታተላል፤ የልጁን ክፍል ብትጠይቁት ግን «አራተኛ… አምስተኛ?» ይላል። ዝናብ ሲዘንብ ቆርነር ይበዛል ይላል። ነፋስ ሲኖር ይቀንሳል ይላል። አንድ ቡድን አራቴ ከተሸነፈ «ዛሬ ተራው ነው» ይላል፣ ማሸነፍ የታክሲ ሰልፍ ይመስል። ነሐሴ 1913 በፈረንጆች፣ እዚያው ሞንቴ ካርሎ፣ የሩሌቷ ኳስ 26 ጊዜ ተከታትላ ጥቁር ላይ አረፈች። ቁማርተኞቹ «አሁንስ የቀይ ተራ ነው» እያሉ ያላቸውን አፈሰሱ። ኳሷ ደብተር እንደማትይዝ የነገራቸው አልነበረም። የእኛ ተንታኝ ይህን ታሪክ ስነግረው «ሃያ ሰባተኛው ላይ እኔ ብኖር!» አለ።

ተሸንፎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በአንድ ጨዋታ ነው። አንድ ቀን ቡና ገዝቼለት ወረቀት አወጣሁ። አስር እኩል እኩል ጨዋታ ብትመርጥ አስሩም የሚገቡት ከ1,024 ትኬት በአንዱ ነው አልኩት። ዘጠኙ ገብቶ አንዱ የሚቀርበትስ? በአስሩ። ለአንድ አሸናፊ አስር «በአንድ ጨዋታ» የሚል ሰው አለ ማለት ነው። ዕድል አልከዳህም፤ ትኬቱ ሲሠራም እንዲህ ነው። ለዚያ ለአንዱስ ቤቱ ምን ይከፍላል? በ20 ብር 12,262። የሚገባው 20,480 ነበር። ወረቀቱን ዝም ብሎ አየው። ሲኒውን አስቀመጠ።

«ስለዚህ በጣም ቀርቤያለሁ» አለኝ።

እስካሁን ስቄያለሁ። ከትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ስላለው ቤቲንግ ቤት ግን አልስቅም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የዩኒፎርም ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ የሚገባ ልጅ አይቻለሁ። የታክሲና የምሳ ብሩን በመስኮቱ ሲያቀብል አይቻለሁ። የተቀበለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ያ ልጅ ወደ ቤቱ በእግሩ፣ በባዶ ሆዱ ነው የሚሄደው። ይህን የሚያደርግ ሰው ልጅ የለውም? በቴሌግራም «ፊክስድ ማች በእጄ ነው፣ 500 ብር ላክ» የሚለውም ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ውጤቱን የሚያውቅ ሰው የአንተን 500 ብር ምን ያደርግለታል?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ፀጉር ቆራጩ በመጨረሻ መጣ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ቀኙን በሁለት ደቂቃ ጨረሰው። በመስታወት ሳየው የቀኙ ጠርዝ ከግራው አንድ ጣት ከፍ ብሏል። 500 ብር ሰጠሁት። መሳቢያውን ከፈተ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ መልስ የለውም።

«ጋሼ፣» አለኝ ስልኩን እያወጣ፣ «በመልሱ አንድ ትኬት ልቁረጥልህ?»